አንድ ክትባት፣ ብዙ ዓይነት ሰውነት፦ ከጃናሞራና ከዳባት ሲታይ

በሰሜን ተራሮች ባለው በጃናሞራ ወረዳ የክትባት ቀን ሲደርስ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ የሚሰበሰቡ ሕፃናት ሁሉ የሚያገኙት አንድ ነው። በተወለዱ በስድስት፣ በዐሥርና በዐሥራ አራት ሳምንታቸው ጭናቸው ላይ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ፔንታቫለንት ግማሽ ሚሊ ሊትር ይወጋሉ፤ ሁለት ጠብታ የፖሊዮ ክትባት አፋቸው ውስጥ ይንጠባጠብላቸዋል፤ ዘጠኝ ወር ሲሞላቸው የኩፍኙ ይከተላል። የደጋው ልጅ ከቆላው፣ ወፍራሙ ከከሲታው፣ ወንዱ ከሴቷ አይለይም። የሰውነታቸው ምላሽ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ለዓመታት የሚበቃ መከላከያ ያበጃል፤ ሌላው በዚያው መርፌ እምብዛም አይጠቀምም። አንዷ ተኝታ ታድራለች፤ ሌላዋ በትኩሳት ስትቃጠል እናቷን ዓይኗን ሳታስከድን ታነጋለች።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ አውቆ የክትባቱን ዓይነት፣ መጠኑን ወይም ቀኑን ከተከታቢው ጋር ማስማማት ይቻላል ወይ? ጥያቄው ባለፉት ሃያ ዓመታት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የጤና ፖሊሲ ጉዳይ ሆኗል። መልሱ በአጭሩ፣ ይቻላል፤ በከፊልም ተጀምሯል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች የሚያስቡት መንገድ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ሰው ዘረመል አንብቦ ለእርሱ የሚሆን መርፌ መምረጥ፣ ገና ሩቅ ነው። ለሰሜን ደጋና ለመላው አገራችን የቀረበው መንገድ ሌላ ነው፤ የራሳችንን ሰውነት፣ ኑሮና በሽታ በሚገባ መመዝገብና ማጥናት። ይህ ዳሰሳ እስካሁን የታወቀውን፣ የተሠራውንና የቀረውን በየተራ ይመለከታል።

ምላሹን የሚለያዩት ምንድን ናቸው?

ቀዳሚው ዕድሜ ነው። ሕፃን ከእናቱ የተቀበለው ፀረ እንግዳ አካል በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኩፍኝ ይጠብቀዋል፤ ያው ጥበቃ ግን በክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስ ሥራውን ሳይጀምር ያከሽፈዋል። በዘጠኝ ወር የሚሰጥ አንድ የኩፍኝ ክትባት ከመቶ ሕፃናት 85 ያህሉን ይጠብቃል፤ በዓመታቸው ቢሰጥ ቁጥሩ ወደ 95 ይጠጋል። ታዲያ ለምን ዓመት እስኪሞላቸው አይጠበቅም ቢባል፣ ኩፍኝ በሚዘዋወርበት አገር ሕፃኑ ዓመቱን ሳይደፍን ሊያዝ ስለሚችል ነው። ኢትዮጵያ ሁለቱን አደጋዎች አመዛዝና በዘጠኝ ወር ትጀምራለች፤ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በዐሥራ አምስት ወር ሁለተኛ ዶዝ ጨምራለች። የክትባት ቀን ራሱ ከአገሩ በሽታ ጋር የተስማማ ውሳኔ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ውርስ ነው። በጋምቢያ መንታ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ2004 የታተመ ጥናት፣ ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት በታየው የምላሽ ልዩነት ውስጥ 77 በመቶው ከዘር የሚመነጭ መሆኑን ገምቷል። ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ግን የውርስ ድርሻ 44 በመቶ ብቻ ነበር። በሄፓታይተስ ቢ ረገድ ሦስት ዶዝ ጨርሰው በቂ መከላከያ የማያበጁ አዋቂዎች ከመቶው ከአምስት እስከ ዐሥር ይደርሳሉ። ከእነዚህ በርካቶቹ ኤችኤልኤ በሚባለው የዘረመል ክፍል የተወሰኑ ዓይነቶችን የተሸከሙ ናቸው። ኤችኤልኤ የባዕድን ነገር ቁራጭ ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳየውን ፕሮቲን የሚሠራ ክፍል ሲሆን፣ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል።

ሦስተኛው ፆታ ነው። ሴቶች በአመዛኙ ከወንዶች የበረታ ፀረ እንግዳ አካል ያበጃሉ፤ ትኩሳቱና የክንድ ሕመሙም ይበዛባቸዋል። እ.ኤ.አ በ2008 በአሜሪካ የታተመ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጥናት፣ ግማሽ መጠን የተወጉ ሴቶች ያሳዩት ምላሽ ሙሉ መጠን ከተወጉት ወንዶች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። እንዲያም ሆኖ መጠኑ ለሁለቱም እኩል እንደሆነ ቀጥሏል።

አራተኛው ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ኑሮና አካባቢ። በሮታ ቫይረስ የሚመጣውን ተቅማጥ የሚከላከለው ክትባት በበለጸጉት አገሮች ከፍተኛ ጥበቃ ሲሰጥ፣ እ.ኤ.አ በ2010 በታተመው ትልቅ ሙከራ በደቡብ አፍሪካ 76.9 በመቶ፣ በማላዊ 49.4 በመቶ ብቻ ከከባድ ሕመም ጠብቋል። ክትባቱ አንድ ነው፤ የተለየው ሕፃኑ የሚኖርበት ዓለም ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል፣ በተደጋጋሚ ተቅማጥ የቆሰለ የአንጀት ግድግዳ፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ዓይነት፣ ቫይረሱ የሚጣበቅባቸው በዘር የሚወረሱ የስኳር ሞለኪውሎች፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የሮታ ክትባት በአገራችን ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ይሰጣል። የማላዊው ውጤት ክትባቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ብዙ ሕፃናት በተቅማጥ በሚሞቱበት አገር የሃምሳ በመቶ ጥበቃ የሚያተርፈው ነፍስ፣ ሞቱ ጥቂት በሆነበት አገር የዘጠና በመቶ ጥበቃ ከሚያተርፈው ይበልጣልና።

ወስፋትና ቢሲጂ፦ የራሳችን ጥናት

የሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል ልጅ እንደተወለደ የሚሰጠው ቢሲጂ ከክትባቶች ሁሉ ጠባዩ የሚለዋወጥ ነው። በእንግሊዝ ታዳጊዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ጥበቃው ወደ 80 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ በደቡብ ሕንድ በቺንግልፑት በተደረገው ግን ከዜሮ የሚለይ አልሆነም። ወደ ምድር ወገብ በተጠጉ ቁጥር ጥበቃው እንደሚቀንስ ታይቷል። ለዚህ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ በአፈርና በውሃ ውስጥ ከሚኖሩ የነቀርሳ ዘመድ ባክቴሪያዎች ጋር የኖረ ሰውነት ከክትባቱ የሚማረው አዲስ ነገር ትንሽ ነው የሚለው ነው። ሌላው ማብራሪያ የሆድ ትላትል ነው።

ይህን ሁለተኛውን በጥብቅ ከመረመሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ዳንኤል ኤልያስና ኢትዮጵያውያንና ስዊድናውያን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ትላትል የነበረባቸውን ሰዎች ከሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን የትል መድኃኒት፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡ፤ ከዚያም ቢሲጂ ወጓቸው። ትሉ የወጣላቸው ሰዎች ሴሎች ለነቀርሳ ባክቴሪያ ያሳዩት ምላሽ በረታ። ወስፋትና መንጠቆ ትል ሰውነቱን ለዘብተኛ እያደረጉ ስለሚኖሩ፣ ክትባቱ የሚቀሰቅሰው ቁጣም አብሮ ይለዝባል የሚለውን ሐሳብ ይህ ውጤት ደግፎታል።

ነገሩ ግን በዚያ አልተዘጋም። በኡጋንዳ ኢንቴቤ ነፍሰ ጡሮች የትል መድኃኒት እንዲወስዱ ተደርጎ፣ የተወለዱት ልጆች ለቢሲጂ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና ለኩፍኝ ክትባት ያሳዩት ምላሽ ሲለካ ለውጥ አልተገኘም፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2011 ታትሟል። በአዋቂ የሠራው በእናት በኩል ለሕፃኑ አልሠራም። ስለዚህ ትልን አስወግዶ ክትባት ማጠንከር የሚለው ሐሳብ ተስፋ ያለው ቢሆንም፣ ለማን፣ በየትኛው ዕድሜና ለየትኛው ክትባት እንደሚሠራ በየቦታው መፈተን አለበት።

የሰሜን ሰው ደም ያስተማረው

በየቦታው የሚለው ቃል ለምን አጽንዖት እንደሚያስፈልገው ለማየት ከሰሜን ተራሮች የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ ሳይንስ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት የተራራ ሰው ነበር። የአንዲስ ነዋሪ ለአየሩ መሳሳት ሄሞግሎቢን በመጨመር ይመልሳል፤ የቲቤቱ ሄሞግሎቢኑን ሳያበዛ በአነስተኛ የደም ኦክስጅን ይኖራል። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም አልሆኑም። ሄሞግሎቢናቸው በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙላትም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር።

ጥናቱ ስለ ክትባት አይደለም። ትምህርቱ ግን ለክትባት በቀጥታ ይሠራል። አንዲስንና ቲቤትን ያጠና ሰው የሰሜንን ሰው ሰውነት በግምት ሊደርስበት አይችልም ነበር፤ ወጥቶ ማየት ነበረበት። የክትባት መጠንና ጎንዮሽ ጉዳት የሚታወቅባቸው ሙከራዎች ደግሞ አብዛኞቹ የተካሄዱት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። አፍሪካ ከሁሉም የሰፋ የዘረመል ልዩነት የያዘች አህጉር ሆና ሳለ በጥናቶቹ ውስጥ ያላት ድርሻ ትንሽ ነው። የእኛ ሰው ያልተቆጠረበት መዝገብ ስለ እኛ ሰው በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ጎንዮሽ ጉዳት፦ የብዙዎቹና የጥቂቶቹ

የኢትዮጵያ ደገኛ ጥቅምና ጉዳት አብረው እንደሚመጡ ከዘመናዊው ክትባት በፊትም ያውቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ሕዝቡ ከፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን ሲከትብ አይቶ ጽፏል። ይህ ልማድ ብዙዎችን ከከፋው በሽታ አድኗል፤ አንዳንዱን ግን በእውነተኛ ፈንጣጣ ይጥል፣ በሽታውንም ለጎረቤት ያዛምት ነበር። የዛሬ ክትባቶች ከዚያ በእጅጉ ይሻላሉ። ቢሆንም የሚጎዳ ሰው ፈጽሞ የለም ማለት እውነት አይሆንም።

ጉዳቱን በሁለት መክፈል ይገባል። አንዱ ብዙዎችን የሚነካና በሁለት ሦስት ቀን የሚያልፍ ነው፤ ትኩሳት፣ የተወጋው ቦታ እብጠት፣ ለቅሶ። በፔንታቫለንት ውስጥ ያለው የትክትክ ክፍል ከሙሉ ባክቴሪያ ስለሚሠራ ትኩሳት ያበዛል። የበለጸጉ አገሮች እ.ኤ.አ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከባክቴሪያው ጥቂት ፕሮቲኖችን ብቻ ወደያዘው ዓይነት ተሻገሩ፤ ትኩሳቱ ቀነሰ። ኋላ ግን የዚህ ክትባት ጥበቃ ቶሎ እንደሚደክም ታወቀ፤ ትክትክም በታዳጊዎች መካከል ተመለሰ። የተሻለው የቱ ነው ለሚለው አንድ መልስ የለም። ሕፃናት በትክትክ በሚሞቱበት አገር ጠንካራው ይመረጣል፤ ለእናት ግን ትኩሳቱ እንደሚመጣ፣ ምን ማድረግ እንዳለባትና መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንዳለባት አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። ሳይነገራት የመጣ ትኩሳት ሁለተኛውን ዶዝ ያስቀራል። ትኩሳት ሳይመጣ አስቀድሞ ፓራሲታሞል መስጠት ደግሞ የክትባቱን ምላሽ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ በ2009 በቼክ ሪፐብሊክ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ትኩሳቱ መጥቶ ሕፃኑን ካስጨነቀ መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በጥቂቶች ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳት ነው። እዚህ ላይ የግል ልዩነት ጉዳይ ሙሉ ክብደቱን ያገኛል። በአውስትራሊያ ሳሙኤል ቤርኮቪች የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከትክትክ ክትባት በኋላ አንጎላቸው ተጎዳ የተባሉ 14 ሰዎችን መርምረው፣ 11ዱ ኤስሲኤን1ኤ በተባለ ጂን ላይ ለውጥ ተሸክመው እንደተወለዱ እ.ኤ.አ በ2006 አስታወቁ። ክትባቱ ያመጣው ትኩሳት የመጀመሪያውን መንቀጥቀጥ ቀስቅሶ ሊሆን ይችላል፤ የበሽታው ሥር ግን በዘር ውስጥ ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ በ2009 እና በ2010 በስዊድንና በፊንላንድ ፓንደምሪክስ የተባለውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከወሰዱ ልጆች ጥቂቶቹ ናርኮሌፕሲ በተባለ የእንቅልፍ በሽታ ተያዙ፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አንድ ዓይነት ኤችኤልኤ ነበራቸው። ይሁንና ያንኑ ዓይነት ተሸክመው ክትባቱን ከወሰዱት አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም። ጂኑን ማወቅ ብቻውን ማን እንደሚታመም አይነግርም።

ከሁሉም የሚያስተምረው የፊሊፒንስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 ዴንግቫክሲያ የተባለው የዴንጊ ክትባት በትምህርት ቤቶች ከ800,000 ለሚበልጡ ልጆች ተሰጠ። በኅዳር 2017 አምራቹ ሳኖፊ፣ ክትባቱ ቀደም ሲል ዴንጊ ያልያዛቸውን ልጆች ኋላ ለከባድ ሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችል ገለጸ። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች ከክትባቱ በፊት የደም ምርመራ ይቅደም አሉ። ምርመራው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ክትባቱም፣ የሕዝቡ አመኔታም ይተርፉ ነበር። የዴንጊው ቁጣ ወደ ሌሎች ክትባቶች ተዛምቶ፣ እ.ኤ.አ በ2019 አገሪቱን ከባድ የኩፍኝ ወረርሽኝ መታት።

እስካሁን የተደረገው ማስማማት

ክትባትን ከሰው ጋር ማስማማት በቡድን ደረጃ ከተጀመረ ቆይቷል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ አራት እጥፍ መጠን ያለው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እ.ኤ.አ በ2009 ተፈቀደ። የቢጫ ወባ ክትባት ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚሰጠው አደጋው ከተመዘነ በኋላ ነው። በኮቪድ ጊዜ የአስትራዜኔካ ክትባት በወጣቶች ላይ አልፎ አልፎ የደም መርጋት እንደሚያስከትል ሲታወቅ፣ ብሪታንያ በሚያዝያ 2021 ከ30 ዓመት በታች፣ በቀጣዩ ወር ከ40 በታች ላሉት ሌላ አማራጭ አቀረበች። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም ክትባቱን የጀመረችው በዚያው በአስትራዜኔካ ነበር። ለወጣቱ ሌላ መምረጥ የሚችል ሌላ ያለው ነው፤ ማስማማት የአቅም ጉዳይ መሆኑን ያ ወቅት በግልጽ አሳይቷል።

ለቦታ የተሠራ ክትባትም አለ። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ለተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ተብሎ የተሠራው መንአፍሪቫክ አንድ ዶዙ ከግማሽ ዶላር በታች እየተሸጠ፣ እ.ኤ.አ ከ2010 ጀምሮ ሲሰጥ፣ ኤ የተባለውን የበሽታውን ዓይነት ከቀበቶው ሊያጠፋው ተቃርቧል። ሕንድ የፖሊዮ ጠብታ በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር ሕፃናት አንጀት ውስጥ በደንብ አልሠራ ሲላት፣ በአንድ የቫይረስ ዓይነት ላይ ያተኮረ ጠብታ ደጋግማ ሰጠች፤ የመጨረሻው ሕመምተኛ እ.ኤ.አ በጥር 2011 ታየ። በኪንሻሳ እ.ኤ.አ በ2016 የቢጫ ወባ ክትባት እጥረት ሲገጥም፣ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው የዶዙን አንድ አምስተኛ ተወግቶ ወረርሽኙን ማቆም ተችሏል። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባትም በሦስት ዶዝ ጀምሮ ወደ ሁለት፣ ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዶዝ ይበቃል ወደሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ደርሷል።

በእውነት ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ክትባት ያለው በካንሰር ሕክምና ነው። ሞደርናና መርክ የሠሩት ክትባት የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ዕጢ ዘረመል አንብቦ ይዘጋጃል። ሜላኖማ በተባለ የቆዳ ካንሰር ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ በሽታው የመመለሱን ወይም የመሞትን አደጋ 44 በመቶ ቀንሷል። ይህ ለታመመ አንድ ሰው የሚደረግ ውድ ሕክምና ነው። ለጤነኛ ሚሊዮኖች የሚሰጥ ክትባት በዚህ መንገድ ሊሄድ አይችልም።

ትልቁ ተቃውሞ

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ክትባት ኃይሉን ያገኘው ቀላል ስለሆነ ነው የሚል። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት እ.ኤ.አ ከ1971 ጀምሮ በእግርና በበቅሎ ገደል የወጡ ከታቢዎች የማንንም ደም አልመረመሩም። ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ይዘው፣ በታመመው ሰው ዙሪያ ያለውን ሁሉ ከተቡ። የአገሪቱ የመጨረሻ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም ባሌ ውስጥ ተገኘ። ዛሬም ቢሆን የሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት እ.ኤ.አ በ2000 ከመቶ 14፣ በ2016 ከመቶ 39፣ በ2019 ከመቶ 43 ናቸው። ከግማሽ የሚበልጠው ልጅ ባልጨረሰበት አገር ስለ ጂን ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?

ተቃውሞው እውነት አለው፤ ግን ያልደረሰውን ልጅ መድረስና የደረሰውን በሚገባ መጠበቅ የሚጋጩ ሥራዎች አይደሉም። እንዲያውም በሰሜን ደጋ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። ፔንታቫለንትን የመሰሉ ክትባቶች ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለባቸው፤ ከረጉ ይበላሻሉ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ደጋ ደግሞ ብርዱም እንደ ሙቀቱ ያሰጋል። ልጁ ተከትቦ ቢታመም ደካማው የልጁ ሰውነት ነው፣ የረጋው ክትባት ነው ወይስ ቀኑ ያለፈ መርፌ? ይህን መለየት የማይችል ሥርዓት ስለ ዘረመል ልዩነት ሊጠይቅ አይችልም። ዐሥር ዶዝ የያዘ የኩፍኝ ብልቃጥ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ ሦስት ሕፃን ብቻ በመጣበት መንደር ባለሙያዋ ብልቃጡን ለመክፈት ታመነታለች። ለተበታተነ ሰፈር አነስተኛ ብልቃጥ ማቅረብ ከቦታው ጋር የሚስማማ ክትባት ነው፤ ምንም የጂን ምርመራ አይጠይቅም።

ከዳባት የሚጀመር ሥራ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ማዕከል ያካሂዳል። በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን በየጊዜው ይመዘግባል። ከደጋ እስከ ቆላ ያሉ ቤተሰቦችን በስማቸውና በዕድሜያቸው የሚያውቅ እንዲህ ያለ መዝገብ ብዙ አገር የሌለው ሀብት ነው። ሕፃኑ መቼ፣ በየትኛው ባች እንደተከተበ፣ ያኔ ክብደቱ ስንት እንደነበር፣ ትላትል እንደነበረበት፣ በሦስተኛው ቀን ምን እንደተሰማውና በሁለተኛ ዓመቱ በኩፍኝ መያዝ አለመያዙ በዚህ መዝገብ ላይ ቢጨመር፣ ከዓመታት በኋላ የሰሜን ሕፃን ለክትባት የሚሰጠውን ምላሽ ከራሱ ከሰሜን ማወቅ ይቻላል። የደም ናሙናውን ጎንደር ላይና አዲስ አበባ በሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም መመርመር የሚችል እጅም አለን።

ለዛሬ ግን ምንም ዓይነት ቤተ ሙከራ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከታቢዋ ከመርፌው በፊት ትጠይቅ፤ ባለፈው ክትባት ጊዜ ምን ሆነ? መንቀጥቀጥ ነበር ወይ? ፊቱ አብጦ ትንፋሽ አጥሮት ነበር ወይ? መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከክትባት በኋላ የደረሰ ከባድ ነገር ሁሉ ሳይደበቅና ሳይጋነን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይድረስ፤ ሪፖርት ያደረገች ባለሙያ እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ጠባቂ ትታይ። ሦስተኛ፣ ልጅዋ የታመመባት እናት ትሰማ። ክትባቱ ይሁን አጋጣሚ ለማጣራት የሚመጣ ሰው ካላየች፣ ጎረቤቶቿም አብረው ይቀራሉ።

ጃናሞራ ድርቅም ጦርነትም አይቶ የጤና መንገዱ የተቋረጠበት ወረዳ ነው። እንዲህ ላለ ቦታ ስለ ግል ክትባት መናገር ያለ ጊዜው ነው የሚሉ ሰዎች፣ ለደገኛው የሚገባው አማካዩ ሰው የሚያገኘው ብቻ ነው እያሉ መሆኑን ልብ ሊሉት ይገባል። አማካዩ ሰው ደግሞ በመዝገብ ላይ እንጂ በጤና ኬላው ደጃፍ የለም። በደጃፉ ያሉት ወስፋት ያለበት፣ የከሳ፣ ባለፈው የተንቀጠቀጠ፣ በደጋ ብርድ የተወለደ፣ እያንዳንዱ ስም ያለው ልጅ ነው። ሁሉንም መከተብ የመጀመሪያው ግዴታችን ነው፤ የተከተበውን እያንዳንዱን ልጅ ማወቅ ደግሞ ያንኑ ግዴታ ሙሉ ያደርገዋል።